አረንጓዴዋን ማን ወለወላት?

«እኔ ጠይቄው ያልተናገረ ሰው ገና ከእናቱ ሆድ አልወጣም» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ቀበቶዋን ሽቅብ እየሳበች። ይህን ያለችው በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር መሐል፣ ሰው ሁሉ ሲገባና ሲወጣ ነው። እንዲሰማላት ነበር፤ ተሰማላትም።

ኃላፊው ጡረታ ሊወጡ ነው። ወንበራቸውን ሁለት ሰዎች እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ። አንዷ እሷ ናት። ሌላው ፊቱ ዘወትር ስለሚኮማተር «ሎሚ» የሚሉት ኢንስፔክተር ነው። እሷን ደግሞ «ወስፌ» ይሏታል። ወፍራም ቆዳ ስለምበሳ ነው ባይ ናት፤ ባልደረቦቿ ግን ከጎኗ ተቀምጦ ሳይወጋ የተነሳ ስለሌለ ነው ይላሉ።

ጠዋት ላይ ኃላፊው ጠርተዋት ነበር። አንድ ሽማግሌ እቤቱ ተገድሎ ተገኝቷል አሏት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ገዳዩን ካመጣሽ ወንበሩ ያንቺ ነው» አሉ። «ያልገደለ ሰው ካመጣሽብኝ ግን ለሎሚ ሰጥቼው እሄዳለሁ።»

ለሎሚ! ወስፌ ከዚያ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች።

ሟቹን ሰፈርተኛው «ጣቢያ ሹም» ይለዋል። ዕድሜውን የጨረሰው በፖስታ ቤት መስኮት ቴምብር ሲለጥፍ ነው፤ የእውነት ባቡር ነድቶ አያውቅም። እቤቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ከቤቱ ሰፊው ክፍል የባቡር ነበር፤ ባልና ሚስቱ የሚተኙት ቁም ሳጥን በምታህል ጓዳ ውስጥ ነው። በአራቱም ግድግዳ ዙሪያ በወገብ ቁመት ጠረጴዛ ይዞራል። ላዩ ላይ ሐዲድ፣ ከጀሶ የተቀረጸ ተራራ፣ ዋሻ፣ ከዋሻው ማዶ ደግሞ አውራ ጣት የሚያካክሉ መንገደኞች የቆሙበት ጣቢያ አለ። መንገደኞቹ ሻንጣቸውን እንደያዙ ሬሳውን ሲያዩ አድረዋል።

ባቡሮቹ በባትሪ የሚሽከረከሩ የልጅ መጫወቻ አይደሉም። ክንድ የሚያክሉ፣ ከናስ የተሠሩ፣ በልካቸው ውሃ የሚያፈላ ቦይለር ያላቸው ናቸው። ኖራ የሌለበት የባትሪ ውሃ ይጠጣሉ፣ በላይተር ጋዝ ይነዳሉ፣ ሲፈሉ በራሳቸው እንፋሎት ይሄዳሉ። ሲያፏጩ እንደ ትልቁ ጆሮ ይበሳሉ። መደርደሪያው ላይ ጥቁር፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ተደርድረዋል። ሐዲዱ ላይ የቆመችው ግን አረንጓዴዋ ነበረች፤ አዲስ ናት፣ ጣት ሲያልፍባት ሸርተት የምታደርግ።

ጣቢያ ሹም ከወንበሩ ሥር በጎኑ ወድቋል። ጭንቅላቱ ተሰንጥቋል። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ወደ አረንጓዴዋ ያያል።

የሬሳ መርማሪው ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ፣ ምቱ አንድ ብቻ እንደሆነ፣ የተመታበትም ቀጭንና ከባድ ብረት እንደሆነ ነገራት። መቼ እንደሞተ ስትጠይቀው ግን ራሱን ወዘወዘ።

«መጥፎው እሱ ነው። ወዲያው አልሞተም። መናገር አይችልም፣ መንቀሳቀስ አይችልም፤ ማየት ግን ይችል ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ሳይቆይ አልቀረም።»

ረዳቷ ሳጅኑ ብረቱን ለማግኘት ብዙ አልደከመም። ጥጉ ላይ ትርፍ ሐዲዶች ተደግፈው ቆመዋል፤ ሁሉም አቧራ ለብሰዋል፣ አንዱ ብቻ እንደ ሙሽራ ተቀብቶ ያበራል። ገዳዩ መሣሪያውን በዘይት ወልውሎ ቦታው መልሶታል። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ደግሞ ጥርስ ሐኪሞች ጉንጭ ውስጥ የሚወትፏት ዓይነት ትናንሽ የጥጥ ጥቅልሎች፣ ዘይት ጠጥተው ጠቁረው ተገኙ። ከጎናቸው ፀጉሩ የተበላ የጥርስ ብሩሽ። ጠረጴዛው ላይ ከባቡሯ ሆድ የተቀዳ ውሃ በሳህን ተቀምጧል።

ወስፌ አረንጓዴዋን አንስታ ገለበጠቻት። ጎማዋ፣ ከጎማዋ ኋላ ያለው ስርጉድ ሁሉ፣ ጠብታ ዘይት የለበትም። የሰው ጭንቅላት ፈርክሶ ባቡር የሚያጥብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? የሳጅኑን ዓይን አየች፤ እሱም ይህንኑ እያሰበ ነበር።

ሚስቱ ወጥ ቤት ነበረች። ቀጭን፣ ድምፅ የሌላት ሴት ናት፤ ስትቆምም ግድግዳውን ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስላለች። ወስፌ ስኳሩ የት እንዳለ ጠይቃ፣ ሻይዋን እያማሰለች እግዜር ያጽናዎት አለቻትና ወደ ሥራዋ ገባች። ትናንት ማን መጣ? ጥርስ ሐኪሙ። ተጣሉ ወይ? ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር። መቼ ወጣ? ጀንበር ሳትጠልቅ። የሚጠላው ሰው ነበር ወይ? ሴትየዋ ይህንን ትንሽ አሰበችበት፤ ከዚያ ጥርስ ሐኪሙ ባቡሩን እንጂ ሰውየውን የሚያየው አይመስለኝም አለች። ጠዋት ስትገባ ሞቶ ነበር አለች።

«እማማ፣ በርቱ እንግዲህ» አለቻትና ወጣች።

ሳጅኑ በር ላይ ጠጋ ብሎ ሴትየዋስ አላት።

«የቷ ሴትዮ? እሷማ ባቡርና ብረት ድስት አትለይም። ተዋት፣ ሐዘንተኛ ናት።»

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ነው። ወሬ ይወዳል፤ ወሬውን የሚጀምረው ግን ከአያቱ ዘመን ነው። ወስፌ እየጎተተች ወደ ትናንት አመጣችው። ጣቢያ ሹም በየቀኑ ማምሻውን ባቡሩን ነድቶ ሲጨርስ ሦስት ጊዜ ያስፏጫል አለ። ሰፈሩ በእሱ ፉጨት ነው ሱቅ የሚዘጋው። ትናንትም አስፏጭቷል።

«እንደውም ትናንት ደስ ብሎት ነበር መሰለኝ፣ እህቴ» አለ፣ መርፌውን ከንፈሩ ላይ እንደያዘ። «ሦስት ጊዜ አስፏጨ፣ ትንሽ ዝም አለ፣ እንደገና ሦስት። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ከመሞቱ በፊት ደስ ይበለው ብሎ ነው።»

እንግዲህ ማምሻውን በሕይወት ነበር። ጥርስ ሐኪሙ ከዚያ በፊት ወጥቷል። ግን የወጣ ሰው ይመለሳል፤ ክሊኒኩም ከጥጉ አልፎ ነው።

ጥርስ ሐኪሙ ጋ ስትደርስ ወስፌን ያስቀመጣት የበሽተኛ ወንበር ላይ ነው። አልወደደችውም። ጣሪያ እያየች ሰው መመርመር ደስ አይልም፤ ተነስታ ቆመች። ሐኪሙ ድምቡሽ ያለ፣ እጁ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ሰው ነው። የጣቢያ ሹምን ሞት ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀው አረንጓዴዋ ደህና ናት ወይ ብሎ ነው። ሳጅኑ ሳል ያዘው።

ጠባቸውን አልካደም። አረንጓዴዋ በጥቂቱ ብቻ የተሠራች፣ አሁን ብትፈለግ የማትገኝ ሞዴል ናት። እሱም የሷ እህት አለችው፤ ከሳጥኗ ወጥታ አታውቅም። ባቡር አንዴ እሳት ካየ አበቃ፣ ቀለሙ ይለበልባል፣ ሆዱ ይዝጋል፤ ጣቢያ ሹምን እንዳያቀጣጥላት ለመነው። ጣቢያ ሹም ምን አደረገ? ክብሪት አምጥቶ፣ እያየው፣ እየሳቀ አቀጣጠላት።

«ለክፋት ነው» አለ ሐኪሙ። «ሰው አይደለም እኮ እሱ።»

ወስፌ ማን ባቡር መወልወል እንደሚያውቅ ጠየቀችው። ሐኪሙ ልክ መድረክ እንደሰጡት ሰው ደረቱን ነፋ። መጀመሪያ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል አለ፤ ትኩስ የነካ እጁ ይላጣል። ከዚያ ውሃው ከቦይለሩ ይቀዳል፣ ዘይቱ በመርፌ ይመጠጣል፣ ጎማው በብሩሽ፣ ስርጉዱ በጥጥ። ጥጡን ለጣቢያ ሹም የሚያመጣለትም እሱ ነው፣ ከራሱ ክሊኒክ።

«ይህን በዚህ ከተማ የሚያውቅ ማን አለ?»

«እኔና እሱ» አለ ጥርስ ሐኪሙ በኩራት። «ሌላው ሁሉ መሃይም ነው።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉሃል ይሄ ነው።

ሐኪሙ ያን ማታ ያከመው በሽተኛ ተፈልጎ ተገኘ፤ ጉንጩ አሁንም ኳስ ያክላል። ሐኪሙ መርፌ ወግቶት፣ ይደንዝዝ ብሎ ወጣ ብሏል፤ የት እንደሄደ፣ ምን ያህል እንደቆየ አያውቅም፣ ወንበሩ ስለተመቸው እንቅልፍ ወስዶታል። ሐኪሙ ሲጠየቅ ደግሞ ጓሮ ክፍል ገብቼ ባቡሬን ሳይ ነበር አለ። ብቻህን? ብቻዬን። ባቡር እያየህ? እያየሁ። ሳጅኑ እንኳን አፈረለት።

ወስፌ ነገሩን በራሷ ገጠመችው። ሌላ ሰው ገድሎ ይሮጣል። ይሄ ግን ሰው አፉን ከፍቶ እየተሰቃየ እሱ ሥራውን መሥራት የለመደ ነው፤ ጣቢያ ሹም ዓይኑን አፍጥጦ ሲሞት፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ባቡሯ እስክትቀዘቅዝ ጠበቀ። በካቴና አስወጣችው። መንገዱ ሞልቶ ነበር። አንዷ ደንበኛው፣ የነቀለልኝ ጥርስ እንኳ ደህናው ነበር ስትል ሳቁ እስከ ጥጉ ተሰማ። በማግስቱ የክሊኒኩ በር ላይ በከሰል «ነፍሰ ገዳይ» ተጽፎ ተገኘ። ወስፌ ኃላፊው ቢሮ ገብታ ጉዳዩ ተዘግቷል አለች፤ ስትወጣ ሎሚን ኮሪደር ላይ አገኘችውና ደህና አደርክ እንኳ አላለችውም።

የቀረው ማመን ብቻ ነው። ጥርስ ሐኪሙ ግን አላምን አለ። አለቀሰ፣ ማለ፣ የእናቱን መቃብር ጠራ፤ አላምንም አለ። ኃላፊው ያለ ቃሉ ዓቃቤ ሕግ ጋ አልልክም ብለዋል። ወስፌ ትዕግሥቷ አለቀ። ሳጅኑን ልካ ከክሊኒኩ ጓሮ ሳጥኑን አስመጣችው።

ሐኪሙ ሳጥኑን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ።

የአረንጓዴዋ እህት ቀይ ናት። ወረቀቷ እንኳ አልተቀደደም ነበር። ወስፌ ቀደደችው። ጠረጴዛው ላይ አቆመቻትና ከመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ውሃ አስቀድታ በቦይለሯ ሞላች። ሐኪሙ ቢያንስ የባትሪ ውሃ፣ እባክሽ እህቴ፣ የቧንቧው ኖራ አለው ብሎ ለመነ። «እመን» አለችው። አላመነም። ሳጅኑ ጋዙን ሞላ። «እመን» አለችው። ሐኪሙ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ላይተሩን ጫረች።

ውሃው ፈላ። ቀዩ ቀለም ሆዷ ላይ መጀመሪያ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ተነፋ። ዘይት አልተደረገላትምና ጎማዎቿ ሲዞሩ አጥንት የሚበላ ውሻ ድምፅ አወጡ። ወስፌ የፉጨቱን ገመድ ጎተተች። ሐኪሙ ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው አቃሰተ።

እሳቱ ሲጠፋ አንድ ብሩሽና ጥጥ ገፋችለት። «በል እንግዲህ ወልውላት። ያንን ማታ እንዳደረግከው አድርገህ አሳየኝ።»

ሐኪሙ ባቡሯን ሊያቅፍ ዘለለ፤ በሁለት እጁ ሆዷን ያዘ። ጮኸ። መዳፉ ተላጠ። ሳጅኑ ውሃ ደፋበት። ሐኪሙ ብሩሹን በተላጠ እጁ አነሳና አዟዟረው፤ ከየት እንደሚጀመር አላወቀም። ጎማውን ትቶ ጣሪያዋን መቦረሽ ጀመረ። የውሃ መቅጃውን ቀዳዳ ፈለገ፣ አጣው።

ወስፌ እጁን ትኩር ብላ አየች።

«አታውቅበትም እንዴ?»

«ከየት አባቴ ልወቅበት?» አለ ጥርስ ሐኪሙ እያለቀሰ። «አንብቤ ነው የማውቀው። እኔ አንድም ቀን አቀጣጥዬ አላውቅም፣ ያልነደደ ደግሞ አይወለወልም።»

«እሱስ? ጣቢያ ሹም ሲወለውል አላየህም?»

«እሱ!» ሐኪሙ በእንባው መሐል ሳቀ። «እሱ እንኳን ባቡር አፍንጫውንም አይጠርግ። ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ይዘረጋል፣ ሦስት ጊዜ ያስፏጫል፣ ሚስቱ ብሩሿን ይዛ ትመጣለች። ከተጋቡ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ስትጨርስ ነጭ ጥጥ ጎማው ላይ ያሳልፋል፤ ጥጡ ከጠቆረ እንደገና ነው። እንግዳ ፊት ሁሉ ያደርገዋል።»

ሳጅኑ ወደ መስኮቱ ዞረ። ልብስ ሰፊው ደስታ ነው ያለው ሁለተኛው ፉጨት በወስፌ ጆሮ ውስጥ ጮኸባት። ደስታ አልነበረም። ሰው ተጠርቶ አልመጣም፤ ድጋሚ ተጠራ።

ኃላፊው ነገሩን ቆመው ሰሟት። ሐኪሙ እጁ ተጠቅልሎ ሲለቀቅ በመስኮት አዩት፤ የተቃጠለች ባቡሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፏል። ከዚያ ኮታቸውን አነሱ። «አብሬሽ እመጣለሁ» አሉ። «ሁለተኛ በሰው አፍ አልዋረድም። የወንበሩ ጉዳይ ከዚያ መልስ ነው።»

በመንገድ ሁሉ ወስፌ ራሷን ስታበረታ ነበር። ስህተቱ የሐኪሙ አፍ ነው፤ እኔና እሱ ብቻ ነን ያለው እሱ ነው። እሷ ግን ደርሳበታለች። ሎሚ ቢሆን ኖሮ ቀይዋን ማቀጣጠል መቼም ትዝ አይለውም ነበር። ገዳይዋን በኃላፊው ፊት ታናግራለች፤ ወንበሩም የሷ ነው።

ሴትየዋ በባቡሩ ክፍል ውስጥ፣ በጣቢያ ሹም ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተዋል። እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላለች። ሲገቡ አልተነሳችም። ኃላፊው በሩ ላይ ቀሩ፣ ሳጅኑም ከኋላቸው።

ወስፌ ሬሳው የነበረበት ቦታ ላይ ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፤ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ያጠናችው አቋቋም ነው።

«እማማ፣ አረንጓዴዋን ማን ወለወላት?»

«እኔ» አለች ሴትየዋ።

ወስፌ ለዚህ አልተዘጋጀችም፤ ገና ሦስት ወጥመድ ቀርቷት ነበር። «መቼ?» አለች።

«ከመታሁት በኋላ። በፊትማ ትኩስ ነበረች።»

ከዚያ ማንም ሳይገፋት አወራችው፣ ገበያ ምን እንደገዛች እንደምታወራ ሴት። የዛን ቀን ወገቧን አሟት ጋደም ብላ ነበር። ሦስቱን ፉጨት ሰማችው፤ እግሯ እንቢ አላት። እንደገና አስፏጨ፤ ሲያስፏጭ ሳቁ እስከ ጓዳ ይሰማል። ብሩሿን ይዛ ገባች። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም፣ በጣቱ ወደ ባቡሯ ጠቆመ። ሐዲዱ ለእጇ ቅርብ ነበር። ሲወድቅ ብዙም ድምፅ አልነበረውም።

ወስፌ ለምን ሰው እንዳልጠራች፣ ለምንስ እንዳልሸሸች ጠየቀቻት።

«ዓይኑ ክፍት ነበር፣ ልጄ። እያየኝ ነው። ባቡሯ እስክትቀዘቅዝ እዚህችው ወንበር ላይ አረፍ አልኩ፤ ለካ ይመቻል። ከዚያ ውሃዋን ቀዳሁ፣ ጎማዋን አጠብኩ። እንደ ሁልጊዜው አይደለም፣ ቀስ ብዬ። ሲያበቃ ነጩን ጥጥ ጎማው ላይ አሳለፍኩና ዓይኑ ሥር አድርጌ አሳየሁት።» ሴትየዋ ጣቷን አነሳች፣ ጥጡ አሁንም ያለ ይመስል። «ነጭ ነው፣ አልኩት። ያኔም ያይ ነበር። ጥጡን ደጋግሜ አሳየሁት። ማየቱን ሲተው ሄጄ ተኛሁ።»

ሳጅኑ ባርኔጣውን አወለቀ። ለማን እንዳወለቀው እሱም አላወቀውም።

የወስፌ ደረት ግን ቀስ በቀስ መልሶ ተነፋ። ሁሉም ነገር ወጥቷል። በኃላፊው ፊት፣ ያለ ዱላ፣ በጥያቄ ብቻ ወጥቷል። ወደ በሩ ዞር ብላ ፊታቸውን አየች፤ ሳይመሰክሩላት እንዳያልፉ ደግሞ አንድ የመጨረሻ ምስማር ልትመታ ፈለገች። ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ንጹህ ሰው በእርስዎ ኃጢአት ታስሮ፣ ስሙ በከሰል ሲጻፍ፣ እጁ ሲላጥ፣ ይህን ሁሉ ቀን አፍዎን ዘግተው ተቀመጡ። በመጨረሻ እኔ ሳላናግርዎ ይቀር ነበር? ለምን ዋሹኝ?»

ሴትየዋ ከርጩማው ላይ እግሯን አወረደች። ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አገኘች፣ ተነሳች፣ እጆቿን ለካቴናው ዘረጋች። ከዚያ ወስፌን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«መቼ ጠይቀሽኝ ዋሸሁሽ? የጠየቅሽኝ ስለ ጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ከዚያ ውጪ እኔን የጠየቅሽኝ ስኳሩ የት እንዳለ ብቻ ነው።»